አራት ጣት ያጠርኩት እኔ ነበርኩ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባርካችሁ! መሪያችን «አምስት ደቂቃ ብቻ፣ እትዬ አስናቀች» ብሎ ማይኩን ሰጥቶኛል። እሱ አምስት ይበል እንጂ ጌታ ያደረገልኝ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም፤ ትታገሡኛላችሁ። ዛሬ አፌን ከፍቼ ልመሰክር ነው የተነሳሁት። አፌን ስከፍት ደግሞ ከታች ከፊት ያሉትን ሦስት ጥርሶች እዩልኝ። የእኔ አይደሉም፣ የሐኪም ናቸው። ሳቁ፣ ግድ የለም! ምስክርነቴም የሚጀምረው ከእነሱ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሽሮ ሜዳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋቢና ነጠላ ስቋጭ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሸማኔው ሲጨርስ ከሸማው ዳር የሚንጠለጠለውን ክር እያከረርን ቁጭት የምናወጣለት እኛ ነን። የእኔ አሠራር እንዲህ ነው፤ አንዱን ክር በጣቴ አከራለሁ፣ ሌላውን በፊት ጥርሴ ነክሼ እይዛለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን አጣምሬ እቋጫለሁ። የተረፈውንም በጥርሴ ቀጭ አድርጌ እቆርጣለሁ። ጓደኞቼ መቀስ ሲፈልጉ እኔ እስቅባቸው ነበር። ጥርሴ ሦስተኛ እጄ ነበር በሉት።

እጄ ፈጣን ነው፤ ምላሴ ግን ከእጄ ይፈጥን ነበር። በሰፈራችን ሰው ሲጣላ «አስናቀችን እንዳልጠራብህ!» እየተባባለ ይፈራራ ነበር። ወይ እኔ! ጌታ እንዴት ታግሦኛል፣ ስሙ ይባረክ!

ይህ ምላስ ከየት መጣ አትሉኝም? ከቁጣ ነው የመጣው። እናቴ በክረምት ከቁስቋም ዳገት ስትወርድ አንሸራተታትና ወደቀች። ረጅም አወዳደቅ አይደለም፤ ቁጭ እንደ ማለት ነው። ግን ዳሌዋ ተሰበረ። ሁለት ዓመት ከአልጋ ሳትነሳ ቆየች። ያጠብኳት፣ ያገላበጥኳት፣ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ደጅ ወጥታ ፀሐይ እንድትሞቅ ስንት ለመንኩ! አልተነሳችም። ከቀብሯ ስመለስ «በቃ፣ ከእንግዲህ ከአንተ ጋር አልነጋገርም» አልኩት። ማንን? እግዚአብሔርን ነዋ! ሰው ጎረቤቱን ያኮርፋል፣ እኔ ፈጣሪዬን አኮረፍኩት። ልጄ ሐና ከእናንተ ጋር መጸለይ ስትጀምር እንኳ «ለእኔ ሰላምታ እንዳታደርሺልኝ» እያልኩ አላግጥባት ነበር። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ከላይ እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን እርር ብሎ ነበር።

አሁን ጋሽ ጫቦን ላስተዋውቃችሁ። ይኸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አትደበቅ ጋሽ ጫቦ፣ ዛሬ አትተርፍም! ጋሽ ጫቦ ሸማኔ ነው፣ ደግሞም አማኝ ነው፣ ለዓመታት የእሱን ጋቢ የቋጨሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ለበዓል የምለብሰውን ቀሚስ ሸማውን እሱ ሠራልኝ። ልኬን በክር ወስዶ፣ ቁመቴ ላይ ቋጠሮ አስሮ፣ ያንን እያየ ነው የሠራው። ሲሰፋ ልክክ አለብኝ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የምለብሰው፤ አጥቤ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ ሳወጣው ጥለቱ መሬት ይጠርጋል! ረገጥኩት፣ ልወድቅ ነበር። ደሜ ፈላ። ቀሚሱን ታቅፌ በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታው ሄድኩ። ሸማኔዎቹ በሙሉ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከተው እየሠሩ ነው።

«ጋሽ ጫቦ፣ ይሄ ጥጥ ነው?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው?» አለኝ።

«ናይለን ቀላቅለህበታል! ይኸው ተለጥጦ መሬት ይጎተታል። ሌባ!»

እሱ ሳቅ አለ። «አንቺ ሴት፣ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል እንጂ መች ይረዝማል? ይልቅ ያጠርሽው አንቺ እንዳትሆኚ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ያንን ሳቅ መቻል አቃተኝ። እዚህ የማልደግመውን ሁሉ ተናግሬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ የእሱን ሥራ አልቋጭም አልኩ። መንገድ ላይ «እንደምን አደርሽ» ሲለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ! ጥጥ ውኃ ሲነካው እንደሚሰበሰብ ሽሮ ሜዳ ያለ ድመት እንኳ ያውቃል። እኔ ሠላሳ ዓመት ጥጥ ውስጥ ኖሬ፣ ያን ቀን ግን ላውቀው አልፈለግኩም። ኩራት እንዲህ ያደነቁራል፣ ወገኖቼ።

በዚያው ዓመት የታች ጥርሴ መነቃነቅ ጀመረ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ቋጪ አይደለሁ? የሚነቃነቀውን ጥርስ በቀጭን ክር ከጎረቤቱ ጋር አሰርኩት! እንዳይላላ ሰም ቀባሁት። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ጥርሴን እቋጫለሁ። ጎረቤቱም መነቃነቅ ሲጀምር ከሚቀጥለው ጋር አሰርኩት። ሐና «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው እንጀራውን በጎን የምታኝኪው?» ስትለኝ «አንቺ የራስሽን ብዪ» እላታለሁ።

ከዚያ ሐና ታጨች። ሰርጓ ሦስት ወር ሲቀረው እኔ ለእሷ ነጠላ እየቋጨሁ ነው። ክሩን ነከስ አድርጌ ስስበው ጥርሴ ከነማሰሪያው ወጥቶ ነጠላው ላይ ወደቀ። ሐና አየችው። ክሩንም አየችው። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች።

«እማዬ፣ በክር? በክር አሰርሽው? እኔ ልጅሽ አይደለሁም እንዴ?»

በማግስቱ እጄን ይዛ ከሰፈራችን ወረድ ብሎ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የእኔ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ለሰርጉ ፎቶ ጥርስ ይተከልልኝ። ሌላ ጣጣ አልፈለግኩም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት። «እማማ፣ መጀመሪያ መንጋጋዎን በሙሉ ራጅ እናንሳ» አለኝ። አገጬን ብረት ላይ አስደገፉኝ፣ ትንሽ ነገር በቀሩት ጥርሶቼ አስነከሱኝ፣ «እንዳይንቀሳቀሱ» አሉኝ፣ ማሽኑ ጭንቅላቴን ዞረኝ። ሲያልቅ ምስሉ ኮምፒውተሩ ላይ መጣ። ሐኪሙ አየው። አሁንም አየው።

«ምነው ልጄ፣ ጥርስ አይተህ አታውቅም?» አልኩት።

እሱ አልሳቀም። «እማማ፣ ጥርሶቹን የያዘው አጥንት ወርዷል፤ ይሄ ከድድ ሕመምም ይመጣል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ይሄኛው ነው» ብሎ በጣቱ የታችኛውን መንጋጋ ጠርዝ አሳየኝ። «ይህ ነጭ መስመር ወፈር፣ ጠንከር ማለት ነበረበት። የእርስዎ ሳስቷል፣ ተበጣጥሷል።»

እኔ አየሁት። ማንበብ ብዙም አይሆንልኝም፣ የሸማ ዳር ግን አውቃለሁ። ዳሩ የሳሳ ሸማ መሃሉም አይታመንም።

«እማማ፣ እናትዎ ወድቀው አጥንታቸው ተሰብሮ ያውቃል?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ከወንበሩ ተነሳሁ! ነቢይ ነው እንዴ ይሄ? ወደ ሐና ዞሬ «አንቺ ነሽ የነገርሽው?» አልኳት። «እኔ ምንም አልተነፈስኩም» አለች። ሐኪሙ «የለም እማማ፣ መንጋጋ ላይ እንዲህ ሲሳሳ ሌላውም አጥንት ሊሳሳ ስለሚችል ነው የምጠይቀው። በቤተሰብም ይመጣል» አለኝ። ቁጭ ብዬ የእናቴን ነገር ነገርኩት።

ሰማኝና «አንድ ጥያቄ ልጨምር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቁመትዎ ቀንሷል?» አለኝ።

ልስቅ ነበር። ከዚያ ቀሚሱ ትዝ አለኝ። መሬት የጠረገው ጥለት ትዝ አለኝ። «ያጠርሽው አንቺ እንዳትሆኚ» ያለኝ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፣ «ሳይቀንስ አይቀርም፣ ልጄ» አልኩት ቀስ ብዬ።

ሐኪሙ አረጋጋኝ። «ራጁ የሰጠኝ ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። አጥንት የሚለካበት ምርመራ አለ፤ ወደ ሆስፒታል እጽፍልዎታለሁ። ጥርሱን አሁን አንነካውም» አለኝ። ሄድን፣ አስተኝተው ለኩኝ፣ የጀርባዬንም ራጅ አነሱኝ። «ውጤቱን በሳምንት» አሉ።

ያቺን ሳምንት አልረሳትም። ዓይኔን ስጨፍን የማየው የእናቴን አልጋ ነው፣ ተኝታበት ያለችው ግን እኔ ነኝ። አልጋው አጠገብ ሳፋ ይዛ የቆመችው ሐና ናት። የሐና እጮኛ ሥራው ሐዋሳ ነው፤ ከሰርጉ በኋላ ወደዚያ ልትሄድ ነበር። እሷ ግን ሁለተኛው ቀን ላይ «እማዬ፣ ሰርጉ ይራዘም። አንቺን እንዲህ ሆነሽ ትቼ የትም አልሄድም» አለችኝ። ወገኖቼ፣ ለእናቴ የሰጠኋት ሁለት ዓመት አይቆጨኝም። የልጄን ዕድሜ እንደዚያ መብላት ግን ሞት መሰለኝ። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ እንዳልወድቅ ግድግዳ እየያዝኩ ነበር።

አራተኛው ቀን ላይ ቀሚሱን በፌስታል ይዤ ወደ ጋሽ ጫቦ ሄድኩ። ሲያየኝ መወርወሪያውን አስቀመጠ። ሌሎቹም እጃቸውን አቆሙ። ደግሞ ልትሰድበው መጣች ብለዋል።

«ጋሽ ጫቦ፣ የልኬ ክር አለ?» አልኩት።

ከጉድጓዱ ወጣ። ከጣሪያው ሥር ከተንጠለጠሉት የደንበኛ ክሮች መሃል ፈልጎ አወጣው። አይጥለውም እኮ! እኔ ስሰድበው እሱ ክሬን ጠብቆ አቆይቶታል። ከትከሻዬ ወደ መሬት ለቀቀው። ቋጠሮው መሬት ላይ ተኛ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ለካ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጣት።

«አራት ጣት» አለ ቀስ ብሎ። ሳቅ የለም። ዓይኑ እንባ ሞላ። «አስናቀች፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነው። ምን ሆነሽ ነው?»

ነገርኩት። ራጁን፣ እናቴን፣ ሐናን፣ ሁሉን። ከዚያ እዚያው ሸማኔዎቹ ሁሉ ፊት «ሌባ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ይህ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ከጥርሱ ይልቅ እሱ ሲወጣ አመመኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ድሮ» አለኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እንኳን ተናገርሽው። ከእኔ ጋር ታረቅሽ። ከእሱስ?»

«ከማን?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«ካኮረፍሽው።»

ምን ልበላችሁ! እጄን ይዞ የክር ጆንያ ላይ አስቀመጠኝ። ስንት ዓመት ያፈንኩት ለቅሶ መጣ። «እናቴን አላስነሳህልኝም! ለምንኩህ፣ አላስነሳህልኝም!» አልኩ። ጸሎት አይደለም፣ ክስ ነው። ጋሽ ጫቦም አልገሠጸኝም። ከሶ ከሶ ሰው ይደክመዋል። ሲደክመኝ አንድ ነገር ገባኝ፤ እናቴ ስትወድቅ አስቀድሞ የነገራት ማንም አልነበረም። ለእኔ ግን ልብሴ ነገረኝ፣ አልሰማሁም። ሸማኔው ነገረኝ፣ ተሳደብኩ። ጥርሴ ነገረኝ፣ በክር አሰርኩት። ያኮረፍኩት ጌታ እኔን ተከትሎ ሦስቴ አንኳኳ! አላኮረፈኝም ነበር ለካ! ያን ቀን «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ኩርፊያዬን ተውኩ፣ ሕይወቴን ውሰድ። አልጋ ላይም ብተኛ ካንተ ጋር ልተኛ» አልኩ። ጋሽ ጫቦ እጁን ጭኖ ጸለየልኝ። ሃሌሉያ! እልል በሉልኝ!

ውጤቱ ገና አልመጣም፣ ልብ በሉ። ሰላሙ ግን ቀድሞ መጣ።

በሳምንቱ ሐና ይዛኝ ሄደች። የአጥንት ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና «እማማ፣ የአጥንት መሳሳት አለብዎት። ከጀርባዎ አጥንቶች አንዳንዶቹ ተጫጭነው አጥረዋል፤ ቁመትዎ የቀነሰው ለዚያ ነው። ዳሌዎ ግን ሳሳ እንጂ ደህና ነው፣ አልተሰበረም። በጊዜ ነው የደረሱት። ለመሆኑ ማን ላከዎት?» አለችኝ።

«የጥርስ ሐኪም» አልኳት።

«ይባረክ» አለች። እኔም እዚያው «አሜን!» ብዬ ጮኽኩ፤ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከዚያ አንድ ነገር መጣ። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የማይድኑት ሁለት ጥርሶች ተነቅለው ድዱ መዳን አለበት አሉኝ። የሚተካው ጥርስ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ለሰርጉ አይደርስም። ይታያችሁ፣ ክሊኒክ የሄድኩት ለሰርጉ ፎቶ ነበር! የድሮዋ አስናቀች ብትሆን ክሊኒኩን ትንጠው ነበር። እኔ ግን «ንቀሉት ልጄ» አልኩ።

ሰርጉ በቀኑ ሆነ! ሐናዬ አላራዘመችም። ሦስት ጥርስ ጎድሎኝ ተገኘሁ። ፎቶ አንሺው «እናት፣ ከንፈርዎን ገጠም ያድርጉ» ሲለኝ «ተወኝ ልጄ፣ ዛሬ ከውስጥ ነው የምስቀው» አልኩት። ፎቶው ላይ አፌ በር እንደተነቀለለት ቤት ወለል ብሏል። ይኸው ቤቴ ግድግዳ ላይ ትልቅ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ፣ መጥታችሁ እዩ።

አሁን በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት በባዶ ሆዴ ኪኒኔን በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ እውጣለሁ። ከዋጥኩ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት ክልክል ነው፤ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ እጸልያለሁ። አንዳንድ ሰው «ከተጸለየልሽ ኪኒኑ ለምን?» ይለኛል። ራጁን ለምን ብሎ ያሳየኝ ይመስላችኋል? ያሳየኝን ጌታ ነው የማመሰግነው፣ የሰጠኝን ኪኒንም የምውጠው እሱን እያመሰገንኩ ነው። ጋቢ ተሸክሞ መሄድ ትቻለሁ፤ የሚቋጨውን ቤቴ ያመጡልኛል። መቀስም ገዝቻለሁ፤ ጓደኞቼ ይኸው ተራቸውን እየሳቁብኝ ነው። አጥንቴ እንደ ልጃገረድ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። በቅርቡ ሲለኩኝ ሐኪሟ «አልባሰም፣ እንዲያውም ትንሽ ተሻሽሏል» አለችኝ። ለእኔ ይህ በቂ ተአምር ነው!

ባለፈው ክረምት ደግሞ ከቁስቋም ስወርድ፣ ከሚያንሸራትተው ቦታ፣ እናቴ ከወደቀችበት ብዙም ሳልርቅ አንሸራተተኝ። ቁጭ አልኩ፣ ልክ እንደ እሷ። ጭቃው ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ እግሬን አንቀሳቀስኩ። ተንቀሳቀሰ! አንዲት ልጅ እጄን ይዛ አነሳችኝ። ቆምኩ። ጭቃዬን እንኳ ሳላራግፍ እዚያው ቆሜ «እማ፣ አየሽ? ተነሳሁ» አልኩ። እያለቀስኩ ወረድኩ፣ በእግሬ። በእግሬ! ስሙ ይባረክ!

መሪያችን ሰዓቱን እያየ ነው፤ ልጨርስ። የለበስኩትን አያችሁት? ያ ቀሚስ ነው። ጋሽ ጫቦ ጥለቱ እንዳይበላሽ ብሎ ከወገቡ ላይ አስቆርጦ አሳጠረልኝ። የተቆረጠውን አልጣልኩትም። ይኸውላችሁ፣ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። አራት ጣት። ከዚህች አስናቀች ይህን ያህል ጎድሏል። ሲጎድል ግን ጌታ ነበር የሚያየው፣ የሚቆጥረው፣ በጊዜ የሚነግረኝ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ በዕድሜ የገፋችሁ ሁሉ፣ እለምናችኋለሁ። ጥርሳችሁ ሲነቃነቅ እርጅና ነው ብላችሁ አትደብቁ፣ ታዩ። ቀሚሳችሁ ሲረዝም፣ ሱሪያችሁ ሲጎተት ሸማኔውን አትስደቡ። ልጆቻችሁ «እንሂድ» ሲሉ ሂዱ። ከሁሉ በላይ ግን ከጌታ ጋር ያኮረፋችሁ ካላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ እኔ ነበርኩና። ክሰሱት፣ አልቅሱበት፣ ግን ወደ እሱ ኑ። እሱ ክራችሁን አልጣለም፣ ልካችሁን ይዟል።

ይኸው ጥለቴ መሬት አይነካም። እኔም ቆሜያለሁ። ክብር ለእሱ ይሁን!